የአሥራ ዘጠኙ ላሞች ጠባይ

መጋቢት 8

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሞቆ፣ ጫማሽ ደርቆ፣ ሆድሽ ጠግቦ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ወትሮው ጤነኛ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ «የከብት ሐኪም ባሌ ሥራ ሲፈታ እኔን መመርመር ጀመረ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ስለ ላም ማውራት ግን አይመችም። መስመሩ ይቆረጣል፣ አጠገቤ ያለው ሰው ይስቃል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። አትሳቂ። አርባ ስምንት ገጽ ብቻ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ከዚያ በላይ አልችልም ብሎኛል። ወተት ለሚያመርቱ ሰዎች የላም ዝርያዎችን አንድ በአንድ የሚያስተዋውቅ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ሰው ላም ሲገዛ ግቷን ይጨብጣል፣ ጥርሷን ይቆጥራል፣ ፊቷን ግን አያይም። ሦስት ወር ሳይሞላው «ዶክተር፣ ረገጠችኝ» ብሎ ይመጣል። ብታያት ኖሮ ትነግርህ ነበር እለዋለሁ።

የእኛዎቹን ጨርሻለሁ። ባለ ሻኛዋን የሀገር ላም «ትንሽ ትበላለች፣ ትንሽ ትሰጣለች፣ ብዙ ታስባለች» ብዬ ጻፍኩላት። እትዬሽ አንብባ «ይቺ እኔ ነኝ፤ ስሜን ብቻ ነው የለወጥከው» አለች።

የቀሩኝ የውጪዎቹ ናቸው። ሆልስታይንም ጀርሲም በእጄ አልፈዋል። ችግሩ ሁሉንም የማውቃቸው ታመው ነው፤ ጤነኛ ላም ሐኪም አትጠራም። አንቺ ግን እዚያ ሰው አገር እያለብሽ ጠዋትም ማታም ከጤነኞቹ ጋር ነሽ። እስቲ አይተሽ ጻፊልኝ። ምን ይወዳሉ? ማንን ይንቃሉ? ሊታለቡ ሲገቡ ማን ይቀድማል? የወተቱን መጠን ተዪው፤ እሱን ከየትም አገኘዋለሁ።

ቀንድ አልባዋ፣ የእኛዋ ጎዳ፣ ደህና ናት። ወተቷ ከነጠፈ ዓመት አልፎታል። ጎረቤቱ «ይቺን ደግሞ ለምን ትቀልባታለህ?» ይለኛል። እሷም ስለ እኔ ይህንኑ ሳትጠይቅ አትቀርም።

መልስሽን በጉጉት የሚጠብቅ
አጎትሽ


ሚያዝያ 11

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። እጄ አይሞቅም፤ ጫማዬ ግን ደረቅ ነው።

የምሠራበት በረት ትልቅ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ላሞች ናቸው። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አያወራም። እኔም ቋንቋው ስለሚያዳግተኝ አላወራም፤ ተስማምተናል። በረቱ ውስጥ በግራ አሥር፣ በቀኝ ዘጠኝ ይቆማሉ። ስም የላቸውም። ጆሯቸው ላይ ቢጫ ፕላስቲክ አለ፣ ፕላስቲኩ ላይ ቁጥር አለ።

አሥራ ሁለቱ ሆልስታይን ናቸው። ጥቁርና ነጭ፣ ትልልቅ። ግዙፍ ናቸው እንጂ ፈሪዎች ናቸው። ባልዲ ከትናንት ቦታው ፈቀቅ ካለ ቆመው ያዩታል፣ አናልፍም ይላሉ።

አምስቱ ጀርሲ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ ዓይናቸው የተኳለ ይመስላል። ቆንጆ መሆናቸውን ያውቃሉ። ወተታቸው ቅባት የበዛበት ስለሆነ ሽማግሌው አይቆጣቸውም። ይህንንም ያውቃሉ።

ሁለቱ ደግሞ የተራራ ላሞች ናቸው፤ ግራጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጆሯቸው በፀጉር የተሞላ። ሰውን ረጋ ብለው ያያሉ። አንድ ነገር ጠይቀውኝ መልሱን የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ማን ይቀድማል ላሉት፣ 301 ትቀድማለች። ከሁሉ የምትለየው ግን 212 ናት። ሆልስታይን ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የበሩን መቀርቀሪያ በምላሷ ትከፍታለች። ከፍታ ግን አትወጣም። ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። የሚወጡት ሌሎቹ ናቸው። እኔና ሽማግሌው ጭቃ ለጭቃ እየሮጥን ስናሳድድ እሷ ቆማ እያየችን ታመነዥካለች። ሽቦ አሰርንበት። ሽቦውን ፈታችው።

212 የካቲት መጀመሪያ ላይ ተዳቅላለች። ላሞቹ ሊወልዱ ሁለት ወር ሲቀራቸው ማለቡን አቁመን በስተኋላ ያለው ሰፊ ጋጣ ውስጥ እናሳርፋቸዋለን። ያ ጋጣ መቀርቀሪያ የለውም። ምን እንደምታደርግ እናያለን።

ሌላ የማስታውሰው የለም።

አክባሪዎ
የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 20

ለውድ ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ሲደርስ ደጅ ቁጭ ብዬ ነበር። 212 ጋ ስደርስ እንዲህ ሳቅሁ ብልሽ አታምኚም፤ እትዬሽ ልቡ ቆመ ብላ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። በዚያ ጉልበቷ!

እኔ ሕይወቴን ሙሉ በር የሚከፍት ከብት አይቻለሁ። ከፍቶ የማይወጣ ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም። እትዬሽ «ሌሎቹ ሲሮጡ ማየት ነው የምትወደው፤ ተንኮለኛ ናት» ትላለች። እኔ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም። መክፈት እንደምትችል ማወቁ የበቃት ይመስለኛል። በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኳርፈናል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ለዝርያው አንድ ገጽ፣ ለ212 ደግሞ ሌላ ሙሉ ገጽ። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ «ጋሼ፣ ለአንዲት ላም?» አለኝ። «አንተ ከፍተህ መግባት እንጂ ከፍተህ መቅረት ትችላለህ?» አልኩት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፎቶዋን ላኪልኝ፤ ከፊት ለፊት፣ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ እንዲታይ። ሽፋኑ ላይ ላወጣት ነው።

ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ሳነብላት ወረቀቱን ተቀብላ አሸተተችው። «በረት በረት ይላል» አለች። እኔም አሸተትኩት። እውነቷን ነው። ስንት ጊዜዬ ነው እንደዚያ ካሸተትኩ! መሳቢያዬ ውስጥ ከሸሚዞቼ ጋር አስቀመጥኩት፤ እሷ ስታጉረመርም አልሰማሁም አልኩ።

212ን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ሐምሌ 17
(በጊዜው ሳይላክ የቀረ)

ጋሼ፣

ባለፈው ሳምንት ሰኞ መርማሪው መጣና ሁሉንም አንገታቸው ላይ መርፌ ወጋቸው። ሐሙስ ተመልሶ ያበጠውን ቆዳ በመለኪያ ለካ። እርስዎ ያውቁታል፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። አምስቱ አበጡ። መጀመሪያ አምስቱ ብቻ ለመታረድ ይሄዳሉ ተባለ፤ ኋላ ሁሉም ይሄዳሉ ተባለ።

መኪናው ትናንት ጠዋት መጣ። አንድ ሰው ቁጥራቸውን ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፤ መርማሪው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሽማግሌው ዝርዝሩን ይዞ ቆመና «መነጽሬን አላመጣሁም» አለ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ተቀብዬው አነበብኩ።

ቁጥር ማንበብ በዚህ ቋንቋ አያቅተኝም። መጀመሪያ የተማርኩት ቁጥር ነው።

212 ስትደርስ የመኪናውን መቀርቀሪያ በምላሷ ነካችው። የመኪናው ሌላ ዓይነት ነው። አልተከፈተላትም። የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ወረቀቱ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም።

በመጨረሻ አሥራ ዘጠኝ አልኩ። መርማሪውም አሥራ ዘጠኝ አለ። ፈረምኩ። ሽማግሌው ወተት ቤት ገብቶ በጠዋት ያጠብነውን ማጠራቀሚያ እንደገና ማጠብ ጀመረ። እኔ በረቱን ጠረግኩ። ምሳ በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር፤ አሙቄ በላሁት።

አላለቀስኩም። እስካሁን ምንም አልተሰማኝም። እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል፤ ግን ሥራውን ይሠራል።

ፎቶ የለኝም። ይህን እንዴት አድርጌ


ነሐሴ 25

ለውድ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? ሦስት ወር ሆነ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ እጇን ታወዛውዛለች፤ የለም ለማለት ነው። እትዬሽ «ሥራ በዝቶባት ነው፤ እንደ አንተ ጡረተኛ መሰለችህ?» ትለኛለች። ይሁን።

ገጿን ጨርሻለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ቁጥር 212። ዝርያዋ ሆልስታይን። መቀርቀሪያ ትከፍታለች፤ አትወጣም። የተከፈተውን በር ለሌሎች ትተዋለች፣ እሷ ወደ ድርቆሿ ትመለሳለች። እንዲህ ያለች ላም ያላችሁ ሰዎች ሽቦ አትሰሩ። ሽቦውን ትፈታዋለች፤ ድካሙ የእናንተ ነው።»

የሚስተካከል ካለ ንገሪኝ። እትዬሽ «ተንኮለኛ የሚለው ይግባ» ብላለች፤ አላስገባሁም።

ማተሚያ ቤቱ እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቀኛል። ፎቶው ካስቸገረሽ የጅራቷን ፀጉር ቆርጠሽ ላኪልኝ፣ መልኳን ለሠዓሊ አስረዳዋለሁ። ለዚህም ካልተመቸሽ ደህና ናት የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል።

አጎትሽ


ጥቅምት 5

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። ሥራ በዝቶ ነው።

212 ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ሊትር ሰጠች። መቀርቀሪያውን አሁንም ትከፍታለች። የጻፉላት ገጽ ጥሩ ነው፤ የሚስተካከል የለውም። ፎቶ ላነሳት ሞክሬ ነበር፤ ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ሌሎቹም ደህና ናቸው። ብርድ ጀምሯል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 3

ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው።

ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ሰጠኋት። አሸተተችው። «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለች። ወረቀቱን መለሰችልኝና ጓዳ ገባች።

እኔ አፍንጫዬን አላምነውም። ቀኑን ግን ቆጠርኩ። በየካቲት የተዳቀለች ላም በኅዳር ትወልዳለች። ሊወልዱ ሁለት ወር ሲቀራቸው ማለብ እናቆማለን ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ጥቅምት አምስት 212 ማረፊያው ጋጣ ውስጥ መሆን ነበረባት። አሥራ አራት ሊትር ከየት መጣ?

ይህን ሌላ ሰው ቢሳሳት አልፈው ነበር። ላም የሚያልብ ሰው ግን የቤቱን በር ይረሳል እንጂ ይህን አይረሳም።

ልይዝሽ አይደለም። አልተቆጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ አለች?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 28

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ጎዳዋ ትናንት የጎረቤቱ ግቢ ገብታ የተሰጣ አንሶላ በላች። ሙሉውን አይደለም፤ አንድ ማዕዘን። ጎረቤቱ አንሶላውን ይዞ መጣ፣ እኔ ጎዳዋን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለቱን አስተያየን። «ቢያንስ ይቅርታ ትጠይቅ» አለ። አፏን እያንቀሳቀሰች ስለነበር «እየጠየቀችህ ነው፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር ነው» አልኩት። ሳቀና ሄደ። እትዬሽ ከአንሶላው ሁለት የትራስ ልብስ አወጣችለት።

ሌላ ወሬ የለም። መጽሐፉ ይቆይ ብያቸዋለሁ። የሚያጣድፍ የለም።

አጎትሽ


ጥር 30

ለማከብርዎ አጎቴ፣

የለችም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ ሐምሌ ላይ የጻፍኩት ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። መጨረሻው አላለቀም፣ እንዳለ ይቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በረቱን በመድኃኒት አጠብኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ሽማግሌው ሌሎች ላሞች አላመጣም። መስከረም ላይ በረቱን ዘጋው። አሁን የሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነኝ፤ አንሶላ አጥፋለሁ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ይሞቃል። እጄ አሁን ይሞቃል።

ለምን እንደዋሸሁዎት ስጠይቅ ከረምኩ። የጻፉላትን ገጽ አነበብኩት፤ እዚያ ውስጥ መቀርቀሪያ እየከፈተች ነበር። እንድታቆም የማደርጋት እኔ መሆን አልፈለግኩም። ቁጥሯን አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ።

ገጹን ያውጡት። መጽሐፉ ስለ እውነተኛ ላሞች ነው።

የተሰማኝ ነገር አሁንም የለም። ይህንንም ልንገርዎ ብዬ ነው፤ ደብዳቤው ያዘነ ሰው የጻፈው እንዳይመስልዎ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24

ለውድ ልጄ፣

ሁለቱንም ደብዳቤ አነበብኩ። ለእትዬሽም አነበብኩላት። መነጽሩ ጋ ስደርስ «ምስኪን ሰውዬ» አለች፤ ቁጥር ማንበቡ ጋ ስደርስ ተነስታ ወጣች።

እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ነግሬሽ አላውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት ነው። የአንድ መንደር ከብት። ያኔ የጆሮ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በገመድ እየጎተቱ አመጡ። እያንዳንዱ ላሙን ሲያስረክበኝ ስሟን ይነግረኝ ነበር፤ የምጽፈው መስሏቸው። ወረቀቱ ላይ «ብዛት፦ ሠላሳ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ስሞቹን አልጻፍኩም። አንዱንም አላስታውስም። ቤት ገባሁ፣ እትዬሽ «እንዴት ዋልክ?» አለችኝ፤ «ደህና» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈኝ።

ስለዚህ ምንም አልተሰማኝም ስትይ አልደነገጥኩም።

ገጿን አላወጣም። ላሚቱ እውነተኛ ናት፤ ያልሽው አሥራ አራት ሊትር ብቻ ነው ውሸቱ፣ እሱ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የለም። «ትከፍታለች» የሚለውን «ትከፍት ነበር» ብዬ ላስተካክለው ቁጭ ብዬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ይሁን።

አሁን የምጠይቅሽ ፎቶም አይደለም፣ ፀጉርም አይደለም። አሥራ ዘጠኙን ጻፊልኝ። አንቺ ባነበብሽበት ተራ። ዕድሜ አልፈልግም፣ የወተት መጠን አልፈልግም። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ መስመር፣ ጠባይዋን። ምንም ሳይሰማሽ ጻፊው፤ መሰማቱን አልጠየቅኩሽም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 19

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እርስዎም እትዬም ሰላም ይሁኑ። በምሳ ሰዓት ትንሽ ትንሽ እያልኩ ጻፍኩት። በዚያ ቀን ተራ ነው።

301 — ሁልጊዜ ቀዳሚ ናት። መኪናውም ላይ ቀደመች።

207 — ዘፈን ሲከፈት ወተቷን ትለቃለች። ዜና ሲጀምር ትይዛለች።

144 — ጀርሲ። ሰው እያያት አትበላም።

145 — ጀርሲ። የ144 ጎረቤት። እየከሳች ሄደች። ዞር ስንል የእሷን ድርሻ 144 እንደምትበላ ያወቅነው ከዓመት በኋላ ነው።

310 እና 311 — እህትማማቾች። አንዷ ስትታለብ ሌላዋ ትጮኻለች። በሁለት መስመር መጻፍ ነበረብኝ፤ ለይቼ ማሰብ አቃተኝ።

98 — አሮጊቷ። ጥርሷ አልቋል። ሽማግሌው ድርቆሽ በመቀስ እየቆረጠ ያበላት ነበር። ያየሁት አይመስለውም።

220 — በጅራቷ ያልመታችው ሰው የለም። ዝንብ ግን አንድም ቀን መትታ አታውቅም።

231 — ሰማያዊውን ባልዲ ትፈራለች። ቀዩን አትፈራም። ቀዩ ውስጥ ያለው ነው መድኃኒቱ።

160 — ጀርሲ። የካፖርቴን ቁልፍ በላች። ሌላ ሰፋሁ። እሱንም በላች።

161 — ጀርሲ። የ160 ልጅ። ቁልፍ አትበላም። ኪሴን ትበረብራለች።

401 — የተራራ ላም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሽማግሌው ከሬዲዮው ይልቅ እሷን ያምን ነበር።

402 — 401ን አይታ ነው የምትዞረው። ስለ ዝናብ ምንም አታውቅም።

146 — ጀርሲ። መወጣጫው ላይ አልወጣም ብላ ቆመች። ከፊቷ ሄድኩ። ተከተለችኝ።

212 — እርስዎ ጽፈውላታል።

225 — 212 በሩን ስትከፍት ከሁሉ በፊት የምትወጣው እሷ ናት። መጀመሪያ የምትመለሰውም እሷ ናት። ውጪው ምን እንዳሳያት አላውቅም።

303 — ትተኛለች። ሌላ የሚባል ነገር የላትም። አተኛኘቷ ግን ያምር ነበር።

240 — የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ቀን ላሰችኝ። ጥጃው በዚያ በኩል ነበር። ተሳስታ ነው። ቀና ብላ አይታኝ፣ እንደገና ላሰችኝ።

118 — አላስታውሳትም። ሆልስታይን ናት። በቀኝ በኩል ከመጨረሻው ሁለተኛዋ ነበረች። ሦስት ዓመት በቀን ሁለት ጊዜ አልቤያታለሁ። ምንም የለም። ይቅርታ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 30

ለውድ ልጄ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። መጽሐፉ ታተመ። ሦስት መቶ ቅጂ፣ ሳሎኑ ውስጥ በካርቶን ተደርድሯል። እትዬሽ «ይሄን የምናስቀምጥበት በረት አልነበረንም ወይ?» እያለች በላዩ ትራመዳለች።

አሥራ ዘጠኙ መጨረሻ ላይ ገቡ። አርባ ስምንቱ ገጽ ሞልቶ ስለነበር የሕይወት ታሪኬንና የራሴን ፎቶ አወጣሁ። እትዬሽ «ደግ አደረግክ፤ ፎቶው ላም ያስበረግግ ነበር» አለች። ሽፋኑ ላይ ላም የለም። የበር መቀርቀሪያ አሳልኩበት። የገዛ ሰው ሁሉ የቁልፍ ሠሪ መጽሐፍ ይመስለዋል፤ ገልጦ ይየው።

401 እና 402 ጋ ስደርስ እትዬሽ «እኔና አንተ ነን» አለች። ማን ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የ118ን መስመር ባዶ ተውኩት። ቁጥሯ አለ፣ ሰረዙ አለ፣ ከዚያ ነጭ ነው። ፊደል ለቃሚው «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጽሑፍ ጎድሏል፤ ልዝጋው?» አለኝ። «አትዝጋው። እየጠበቅናት ነው» አልኩት። ሁለት ጊዜ ዘግቶት ሁለት ጊዜ አስከፈትኩት።

አንዱን ቅጂ ልኬልሻለሁ። ለሽማግሌው ደግሞ ሌላ። ቋንቋውን አያነብም፣ አውቃለሁ። ቁጥሮቹን ያነባል።

አጎትሽ


ሰኔ 24

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ መጽሐፉ ደረሰኝ። የሽማግሌውን ራሴ ወሰድኩለት። በረቱ ውስጥ አሮጌ ወንበሮች ተከምረዋል። ቆሞ መጨረሻውን ገጽ ገለጠና በጣቱ ወደ ታች ወረደ። 98 ላይ ጣቱ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ገብተሽ እጅሽን ታጠቢ አለኝ፤ ሌላ የሚለው ሲያጣ እንደዚያ ነው የሚለው። ገብቼ ታጠብኩ።

ትናንት ሥራ ላይ፣ ከእኔ ጋር አንሶላውን በወዲያኛው ጫፍ የምትይዘው ሴት ሞቋት ከቧንቧው ጎንበስ ብላ ጠጣች። ስትጠጣ ዓይኗን ጨፈነች። አንሶላውን ለቀቅኩት። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። መሬት ላይ ስለወደቀ እንደገና መታጠብ ነበረበት፤ ተቆጡኝ።

ሦስት መቶ ቅጂ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በእስክሪብቶ ይጻፉበት። እጅዎ ከደከመ እትዬ ትርዳዎት፤ መስመሩ አጭር ነው።

118 — ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን ትጨፍናለች።